በግል ካታማራን ከሴንት ቶማስ ወደ ሴንት ጆን፦ የአንድ ቀን የባሕር ጉዞ መመሪያ

ቅዝቃዜው ሲበረታ፣ በተለይ ከዲሲና ከአካባቢው፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ቤተሰቤን ይዤ ካሪቢያን ላይ ጀልባ ተከራይቼ መዋል እፈልጋለሁ፤ ግን ግማሾቻችን ዋና አንችልም፣ እናቴ ጾመኛ ናት፣ የእኔም ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፤ ይሆናል ወይ?» ይሆናል። ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። መመሪያው ሴንት ቶማስና ሴንት ጆን የሚገኙባቸውን የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች የሚመለከት ነው፤ ምክንያቱም ከአሜሪካ ለሚነሣ ሰው የጉዞ ሰነዱ ከሌሎቹ የካሪቢያን አገሮች ይልቅ ቀላል ነው፣ መገበያያውም ዶላር ነው።

ካታማራን ሁለት ጠባብ የጀልባ አካላት ጎን ለጎን ሆነው በሰፊ መድረክ የተጋጠሙበት ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ስፋቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያጋድል ስለሚያደርገው ለአረጋውያንና ለልጆች ባለ አንድ አካሉ ጀልባ ከሚሰጠው የተሻለ ምቾት አለው። የተለመደው የሙሉ ቀን ጉዞ ከሴንት ቶማስ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሬድ ሁክ፣ ተነሥቶ የፒልስበሪን ወሽመጥ በማቋረጥ በሴንት ጆን ዳርቻ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ቆሞ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለስላሳ ቦርሳ። ጠንካራ ሻንጣ የጀልባውን ወለል ይቧጭራል፣ በጠባቡ ማስቀመጫም አይገባም።
• እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝ ለእያንዳንዱ ሰው። ከቅባት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ውኃ ውስጥ ፊቱን ደፍቶ የሚንሳፈፍ ሰው ሳያውቀው ጀርባው ይቃጠላል።
• ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ቢያንስ ኤስ.ፒ.ኤፍ 30። ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን ያለባቸው ቅባቶች ኮራልን (ድንጋይ የሚመስለውን ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት) ስለሚጎዱ በደሴቶቹ ከማርች 2020 ጀምሮ በሕግ ታግደዋል። የተፈቀደው ቅባት በጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ቀለም የተቀላቀለበትን ይግዙ።
• በማሰሪያ የሚያዝ ኮፍያና የፀሐይ መነጽር። ያልታሰረ ኮፍያ ገና ወሽመጡ መሐል ሳይደርሱ ባሕሩ ይወስደዋል።
• ሹሩባ የተሠራ ሰው ካለ ለራስ የሚሆን ሻሽ። በሹሩባው መስመሮች መካከል ያለው የራስ ቆዳ ክፉኛ ይቃጠላል፤ ብዙ ሴቶች ይህን የሚያውቁት ማታ ትራስ ላይ ነው።
• ፎጣ፣ ደረቅ ቅያሪ ልብስ፣ ውኃ የማያስገባ የስልክ መያዣ።
• የማጥወልወል መከላከያ መድኃኒት (ደረጃ 7ን ይመልከቱ)።
• ለጉርሻ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ።

የዋና መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ አብዛኛውን ጊዜ ጀልባው ላይ ይገኛሉ። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን በራሱ ቁጥር የተሠራ የዋና መነጽር ቢይዝ ይሻላል፤ ያለዚያ ዓሣውን ሁሉ እንደ ጭጋግ አይቶ ይመለሳል።

ደረጃ 1፦ ወቅቱንና ቀኑን ይምረጡ

ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ደረቅና ተፈላጊ ነው፤ ስለዚህ ጀልባው ከወራት በፊት ይያዛል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መርከበኞቹ «የገና ንፋስ» የሚሉት ብርቱ የምሥራቅ ንፋስ ስለሚነፍስ ባሕሩ ይነሣል፤ በቀላሉ የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ይሻለዋል። የማዕበል ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚከፋውም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። በእነዚያ ወራት የሚሄድ ሰው ዋጋው ቢረክስለትም የጉዞ መድን ሳይገዛ መሄድ የለበትም።

ጉዞውን በቆይታዎ ሁለተኛ ቀን ላይ ያድርጉት እንጂ ለመጨረሻው ቀን አያስቀሩት። ንፋሱ ከበረታና ካፒቴኑ ጉዞውን ከሰረዘ ቀን የሚቀየረው ቀን የተረፈው ሰው ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰው ይቁጠሩ፣ ሕፃኑንም ጭምር

በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሕግ መሠረት ተመርምሮ የመንገደኛ ማጓጓዣ ምስክር ወረቀት ያልተሰጠው የኪራይ ጀልባ በመደበኛው ከ6 ተሳፋሪ በላይ መጫን አይችልም፤ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ግን ልዩ የደኅንነት ደንብ የሚያሟሉ አንዳንድ ጀልባዎች እስከ 12 እንዲጭኑ ይፈቀድላቸዋል። ጀልባው ለ20 ሰው የሚበቃ ቢመስልም ቁጥሩ አይለወጥም፣ በእቅፍ ያለ ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። የእኛ ቤተሰብ «አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለበት» ማለት ይወዳል፤ እዚህ ግን ካፒቴኑ ፈቃዱን የሚያጣበት ጉዳይ ስለሆነ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ የሆነው ሰው መርከብ ማሰሪያው ላይ ቆሞ ይቀራል። ከ6 በላይ ከሆኑ ምስክር ወረቀት ያለው ትልቅ ካታማራን ወይም እስከ 12 የተፈቀደለትን ይፈልጉ፣ ያለዚያ ሁለት ጀልባ ይያዙ።

ደረጃ 3፦ ሰነድዎን ከመስመሩ ጋር ያመሳክሩ

የአሜሪካ ዜጋ ወደ ሴንት ቶማስ ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠየቀውን የፌዴራል የሪል አይዲ መስፈርት የሚያሟላ መታወቂያ ይበቃዋል። ሆኖም ከደሴቱ ወደ ዋናው አሜሪካ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ፍተሻ ስላለ የግሪን ካርድ ባለቤት ካርዱን ራሱን መያዝ አለበት፤ ፎቶው አይበቃም። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ወይም ጉዳያቸው በሂደት ላይ ያለ ሰዎች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ጠበቃቸውን ይጠይቁ።

አከራዩ ጆስት ቫን ዳይክን ወይም በቨርጂን ጎርዳ ያሉትን ግዙፍ የድንጋይ ዋሻዎች የሚያካትት መስመር ቢያቀርብልዎ ግን ነገሩ ይለወጣል። እነዚህ የእንግሊዝ ቨርጂን ደሴቶች ናቸውና ሌላ ግዛት ይገባሉ፤ ለሁሉም ሰው፣ ለአሜሪካ ዜጋም ጭምር፣ ፓስፖርት ግድ ነው፣ ክፍያና የጉምሩክ ወረፋም አለ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ አንድ ሰው እንኳ ካለ ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት የመግቢያ መስፈርቱን ከደሴቶቹ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ በሴንት ጆን ቢወሰኑ ይሻላል፤ በወረፋ የሚያልፈው ሰዓት ከባሕሩ ላይ የሚቀነስ ነው።

ደረጃ 4፦ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ

የካፒቴኑ ፈቃድና የጀልባው የንግድ መድን እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሕጋዊ አከራይ በጥያቄው አይቆጣም። ቀጥሎ ዋጋው ነዳጅን፣ ምሳን፣ መጠጥንና የዋና ዕቃን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሁለት ጀልባዎች በዋጋ የሚለያዩት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ስለ ስረዛ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦ ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰርዝ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይ? እኔ ብሰርዝስ እስከ ስንት ቀን ድረስ? መልሱ በውሉ ላይ መስፈሩን ይዩ።

ልጆች ካሉ የእያንዳንዳቸውን ክብደት ይንገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፣ ሰፊ የሆነበት ልጅም ውኃ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣበታል።

ሒሳቡን ሲያሰሉ ጉርሻን ከመጀመሪያው ይደምሩ፤ የተለመደው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ለምሳሌ ጀልባው 1,800 ዶላር ቢሆንና 20 በመቶ ቢጨመርበት 2,160 ይሆናል፣ ለ6 ሲካፈልም በነፍስ ወከፍ 360 ዶላር ይደርሳል። ገንዘቡን አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰብስብ፤ ባሕር ላይ ሒሳብ መተሳሰብ የቀኑን ደስታ ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ ምግቡን በግልጽ ይዘዙ

ሁዳዴ የሚውለው ጀልባው በሚፈለግበት ወቅት ስለሆነ ይህ ደረጃ ለብዙ ቤተሰብ ወሳኝ ነው። ለአብሳዩ «ቬጂቴሪያን» ብለው ቢነግሩት አይብና እንቁላል ያቀርብልዎታል፤ «ቪጋን» ብለው ከዚያም «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የሌለበት» ብለው ይዘርዝሩ። ሽሪምፕና ሎብስተር የማይበላ ሰው ካለም ይናገሩ፤ በደሴቶቹ እንግዳን ለማክበር ቀድመው የሚቀርቡት እነርሱ ናቸውና። ሙስሊም ተሳፋሪዎች ካሉ ዓሣው ከአሳማ ሥጋ ጋር በአንድ መጥበሻ እንዳይሠራና መዘፍዘፊያው ወይን ወይም ሩም እንዳይኖርበት ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይላኩ፤ በደሴት ላይ ዕቃ እንደ ከተማ በየሰዓቱ አይገኝም።

የራስዎን ምግብ መውሰድ ከፈለጉ አከራዩን ያስፈቅዱና ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና የተቆራረጠ ፍራፍሬ ይውሰዱ። ወጥ ግን አልመክርም፤ የበርበሬ ዘይት በነጭ መቀመጫ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፣ የጽዳቱም ዋጋ ከመያዣዎ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ጀልባዎች ቀይ ወይንን የሚከለክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡና ተፈልቶ በቴርሞስ ይወሰድ። ከሰል፣ ዕጣንና ጀበና ጀልባ ላይ ፈጽሞ አይወጡም፤ ነዳጅና ጋዝ ባለበት፣ ማምለጫውም ባሕር በሆነበት ቦታ እሳት ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው።

ደረጃ 6፦ የማይዋኘውን ሰው አስቀድመው ያሳውቁ

ደጋ አድጎ ዋና አለመቻል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ካፒቴኖቹም የለመዱት ነው። ሲነገራቸው የሚያቆሙበትን ቦታ ይለውጣሉ። ለምሳሌ በሴንት ጆን ሰሜን ዳርቻ ያለው ማሆ ቤይ ጥልቀቱ ቀስ እያለ የሚጨምርና ባሕሩ በአብዛኛው የረጋ ሲሆን፣ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎችም ሣሩን ሊግጡ ይመጣሉ፤ የማይዋኝ ሰው ደረቱ ድረስ ባለ ውኃ ቆሞ ሊያያቸው ይችላል።

አንድ ልዩነት ይወቁ። በአፍ ተነፍቶ አንገት ላይ የሚጠለቀው ቀጭን ቬስት ለሚዋኝ ሰው ማረፊያ ነው፤ ሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። የማይዋኝ ሰው ትክክለኛውን የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፣ ማሰሪያዎቹ ሁሉ ይዘጉ፣ ሌላ ሰውም ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጃኬቱ ከአገጩ ካለፈ ሰፍቶታል።

ደረጃ 7፦ ማጥወልወልን ከባሕሩ በፊት ይቅደሙት

መድኃኒቱ የሚሠራው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ሜክሊዚን ከመነሣት አንድ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ከአልኮል ጋር አይደባለቅም። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ይታዘዛል፣ ቢያንስ ከ4 ሰዓት በፊትም ይለጠፋል፤ የነካ እጅ ዓይን ከነካ እይታን ያደበዝዛልና ወዲያው ይታጠቡ። ግላኮማ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ሐኪም ሳይጠይቁ ምንም አይውሰዱ።

ማለዳ በባዶ ሆድ አይሳፈሩ፣ ከባድና ቅባት የበዛበት ቁርስም አይብሉ፤ ዳቦና የዝንጅብል ሻይ ይበቃል። ማጥወልወል ከጀመረ ስልክ ያስቀምጡ፣ ወደ ኋላ መሐል ተቀምጠው ዓይንዎን ከአድማሱ ላይ ያኑሩ። ታማሚውን ወደ ታችኛው ክፍል አስገብቶ ማስተኛት የቤት ልማድ ነው፤ ባሕር ላይ ግን ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ጆሮ እንቅስቃሴውን እየሰማ ዓይን የቆመ ግድግዳ ያያል።

ደረጃ 8፦ በሰዓቱ ይድረሱ፣ ገለጻውን ይስሙ

ውሉ ላይ 9:00 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አዲስ ከመጡ ዘመዶች ጋር ሲቀጣጠሩ ሁለቱንም ይጻፉላቸው። ደሴቶቹ እንደ ዲሲ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለማይቀይሩ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ከዲሲ በ1 ሰዓት ይቀድማሉ፣ በቀሩት ወራት እኩል ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ እስከ ሬድ ሁክ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ለታክሲ አንድ ሰዓት ይመድቡ። ያረፈዱበት ጊዜ ከመመለሻው ሰዓት ላይ አይጨመርልዎትም።

ሲሳፈሩ ጫማ ይወልቃል። ከዚያ ካፒቴኑ ስለ ሕይወት አድን ጃኬት፣ ስለ እሳት ማጥፊያና ስለ መጸዳጃው ያስረዳል። ስለ መጸዳጃው የሚለውን በተለይ ያዳምጡ፦ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ወረቀትም ሆነ ሌላ ነገር አይጣልበትም፤ ከተዘጋ ለሁላችሁም ቀኑን ሙሉ ተዘጋ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የማይገባቸው ወላጆች ካሉ አንድ ሰው ገለጻውን እየተከታተለ ይተርጉምላቸው።

ደረጃ 9፦ በጉዞ ላይ ቦታዎን ይወቁ

ከፊት በሁለቱ አካላት መካከል የተዘረጋው መረብ ልጆች የሚወዱት ቦታ ነው፣ ሞገድ ሲመታ ግን ከታች ውኃ ይረጫል፤ ካፒቴኑ ተነሡ ሲል ወዲያው ይነሡ። ሲንቀሳቀሱ አንድ እጅዎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይያዝ። ከተወጠረ ገመድና ከገመድ መጠቅለያው ጣትዎን ያርቁ።

ብዙ ሰው «ሸራ ብለው በሞተር ወሰዱን» ብሎ ያማርራል። ንፋሱ የሚመጣው ከምሥራቅ ስለሆነና ሴንት ጆን ከሬድ ሁክ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ በመሄጃው ንፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ሸራ ደግሞ በቀጥታ ወደ ንፋሱ አይወስድም። ሸራ ወጥሮ ማየት ከፈለጉ ካፒቴኑን በመመለሻው እንዲዘረጋው ይጠይቁት፤ ያኔ ንፋሱ ከኋላ ስለሆነ ጉዞው ለስላሳ ነው፣ ሞተሩም ይጠፋል።

ዲሲ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ከሰሜን የሚመጣ ረጅም ሞገድ እንደ ትራንክ ቤይ ያሉትን የሰሜን ዳርቻዎች ያናውጣል። ካፒቴኑ በዚያ ቀን ወደ ደቡብ ዳርቻ ወይም ወደ ክሪስማስ ኮቭ እንሂድ ቢል በፎቶ ያዩት ቦታ ቀረ ብለው አይሟገቱት።

ደረጃ 10፦ ወደ ውኃው መግባት

ሞተሩ ጠፍቶ ካፒቴኑ ግቡ ሳይል ማንም አይግባ፤ ከኋላ መሰላሉ አጠገብ ያለው ፕሮፔለር አይታይም። መነጽሩን ከማጥለቅዎ በፊት ፀጉርዎን ሙሉ በሙሉ ከጠርዙ ያውጡ፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ውኃ ታስገባለችና። በቱቦው መተንፈስን ቆመው በሚደርሱበት ጥልቀት ይለማመዱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀልባው ጥልቅ ውኃ ላይ የሚሞክር ሰው ይደነግጣል፣ ዋና የሚችል ቢሆንም እንኳ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ከውኃው በላይ ሆኖ ሁሉንም የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው ለካፒቴኑ ይናገር።

ኮራል ላይ አይቁሙ፣ አይንኩትም። ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ነው፣ አንዳንዱም ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። የባሕር ኤሊ መንካትና ማሳደድ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱን አይዝጉበት።

ማስጠንቀቂያዎች

በሴንት ጆን ዳርቻዎች ማንቺኒል የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ ግን መርዛማ ነው፤ ነጭ ወተቱም ቆዳን ያቆስላል። ዝናብ ሲጥል ከሥሩ አይጠለሉ፣ ምክንያቱም ከቅጠሉ የሚወርደው ውኃ ወተቱን ይዞ ይመጣል። ልጆች ከዳርቻ ያገኙትን ፍሬ ወደ አፋቸው እንዳያደርጉ ከጀልባው ከመውረዳቸው በፊት ይንገሯቸው።

የሚረጭ የፀሐይ መከላከያ ጀልባ ላይ አይጠቀሙ፤ ወለሉን ያንሸራትታል። ቅባቱን ውኃ ከመግባትዎ 15 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፣ በየ2 ሰዓቱም ይድገሙ። ደመና ቢኖርም ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ንፋሱ ግን ሙቀቱን ስለሚሸፍነው አይታወቅም።

አልኮል ከመጨረሻው ዋና በኋላ ይሁን።

የተለመዱ ስሕተቶች

• ድሮን ይዞ መምጣት። አብዛኛው የሴንት ጆን ክፍል ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ድሮን ማብረርም እዚያ ክልክል ነው።
• ብዙ ቦታ እንዲታይ መጠየቅ። ሦስት ቦታ የቆመ ጀልባ አምስት ቦታ ከሮጠው የበለጠ የውኃ ጊዜ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ማቆሚያ ማሰርና መፍታት አለው።
• በጀልባው የንጹሕ ውኃ መታጠቢያ መቆየት። ታንኩ ትንሽ ነው፤ ጨዉን ለማስለቀቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።
• ጉርሻን ለካፒቴኑ ብቻ መስጠትና ረዳቱን መርሳት። ይከፋፈሉት እንደሆነ ይጠይቁ፣ ካልሆነ ለየብቻ ይስጡ።
• በማግሥቱ መብረር አይቻልም ብሎ መፍራት። ክልከላው በታንክ አየር እየተነፈሰ ለሚጠልቅ ሰው ነው፤ ከላይ ተንሳፍፎ በቱቦ የተነፈሰ ሰው በዚያው ምሽት መብረር ይችላል።